አባቴ ጸጥ ያሰኘው ቤት

ልጅ እያለሁ ቤታችን ውስጥ ጮክ ብሎ ማሳል እንኳ የተከለከለበት አንድ ዓመት ነበር። ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። የእኔ ዘመን ሰዎች ስምንተኛ ክፍል ምን ማለት እንደነበረ አይጠፋችሁም፤ ሚኒስትሪ ነው። ካለፍሽ ሁለተኛ ደረጃ ትገቢያለሽ፣ ዩኒፎርምሽ ይቀየራል፣ ሰፈርተኛው ከስምሽ በፊት «ተማሪዋ» የምትል ማዕረግ ይጨምርልሻል። ከወደቅሽ ደግሞ... «ከወደቅሽ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እኛ ቤት ማንም ጨርሶት አያውቅም ነበር።

የማይጨረሰው በአባቴ ምክንያት ነው። አባቴ አቶ ወርቁ ከመንዝ ተነስቶ እንጀራ ፍለጋ ጅማ የገባ፣ በጸሐፊነት የሚሠራ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ቢሮ የሚሄድ ሰው ነበር። እሱ ራሱ በጊዜው ስምንተኛ ክፍል ላይ ወድቆ ነው የቀረው። ይህን የነገረችኝ እናቴ ናት እንጂ እሱ አንድ ቀን ከአፉ አላወጣውም። ብቻ ከእሱ ኋላ የተቀጠረ ልጅ አለቃው ሆኖ በመጣ ቁጥር፣ እራቱን ዝም ብሎ ይበላና ቀና ብሎ እኔን ያየኛል። የመጀመሪያ ልጁ ነኝ። በዚያ አስተያየት ውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ ብዙ ብልህነት አይጠይቅም ነበር።

የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ውጤቴ ሲመጣ አባቴ ትምህርት ቤት ተጠራ። የክፍል ኃላፊያችን ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እውነቱን ነው የነገሩት። «ሮማን ሰነፍ አይደለችም። ግን ሐሳቧ አብሯት አይቀመጥም። ዓይኗን መጽሐፉ ላይ ትተክላለች፣ እሷ ግን የለችም» አሉት። ልክ ነበሩ። መስኮቱ ላይ የምትታገለውን ዝንብ፣ የጥቁር ሰሌዳውን ስንጥቅ፣ በመንገድ የሚያልፈውን ጋሪ፣ ሁሉንም አያለሁ። ስጠየቅ ብድግ እላለሁ፤ ምን እንደተጠየቅሁ ግን አላውቅም። አባቴ ከትምህርት ቤት ይዞኝ ወደ ቤት ሄደ። በር ላይ ስንደርስ ቆም ብሎ ሰፈሩን አዳመጠና «ይሄ ጫጫታ ነው» አለ።

ጫጫታ ስለመኖሩ ማንም አይከራከረውም። ቤታችን ሄርማታ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከገበያው ገባ ብሎ ነበር። ፊት ለፊታችን የጀንፈል ቡና መፈልፈያ ሞተር አለ፤ ሲነሳ የቤታችን ቆርቆሮ አብሮት ይንቀጠቀጣል፣ የናፍጣውና የደረቀው ቡና ገለባ ሽታ ልብሳችን ላይ ያድራል። በስተቀኝ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጡ ሰዎች አሉ። ከጓሯችን ግንብ ማዶ ደግሞ ሸህ ነዚፍ ልጆች ቁርዓን የሚያስቀሩበት ሰፊ ጥላ አለ። አስር ከሚሉት የከሰዓት ሶላት በኋላ የሰፈሩ ልጆች እዚያ ተሰብስበው እስኪመሽ ድረስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይቀራሉ። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ከየገጠሩ ለገበያ የሚመጣው ሰው አለ፤ በአማርኛ ተጀምሮ በኦሮምኛ የሚያልቅ ክርክር በራችን ላይ ይውላል።

አባቴ ሰፈሩን ዝም ማሰኘት ስላልቻለ ቤቱን ዝም አሰኘ። ራዲዮኑ በነጠላ ተጠቅልሎ ቁም ሳጥን ላይ ወጣ። እናቴ ጓደኞቿን በር ላይ እየተቀበለች በር ላይ ትሸኝ ጀመር። የወንድሜ ኳስ ተወረሰ። ዶሮዋ እንቁላል በጣለች ቁጥር ስለምትለፈልፍ ለጎረቤታችን ለእትዬ ብርቄ ተሰጠች። አባቴ ራሱንም አልማረም፤ ማታ ማታ ከእናቴ ጋር የሚያወጋትን ወግ ተወ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲ ይገባል። የምግብ ጠረጴዛውን ወደ ውስጠኛው ክፍል አስገብቶ፣ አዲስ አምፖል ገጥሞ፣ ለጆሮዬ ጥጥ ገዝቶ አስቀመጠኝ። ከዚያ በሩን ዘግቶ ከውጭ ዱካ ላይ ይቀመጣል።

እንግዲህ አጥኚ ተባልኩ። ሞተሩ በሚቆምበት ሰዓት እንዲያ ያለ ጸጥታ ሄርማታ ውስጥ ይገኛል ብሎ የሚያምን አይኖርም። እኔ ግን በዚያ ጸጥታ ውስጥ የምሰማው አባቴን ነበር። ዱካው ሲንቋቋ እሰማዋለሁ። ምራቁን ሲውጥ እሰማዋለሁ። ሳል ሲመጣበት የኮቱን አንገት አፉ ላይ አድርጎ ሲያፍነው እሰማዋለሁ። «ልብ አራት ክፍሎች አሏት» የሚለውን መስመር አነብና፣ አሁን ገጽ አለመግለጤን ይሰማ ይሆን ብዬ ሳላነበው ገጹን እገልጣለሁ። ከበሩ ማዶ ሆኖ ትንፋሹን ቀለል ሲያደርግ ይሰማኛል። ያኔ እንዲህ ብዬ መናገር አልችልም ነበር እንጂ፣ ያስጨንቀኝ የነበረው ልጅነቴን ሙሉ ስሰማው የኖርኩት ጫጫታ አልነበረም።

የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ሲመጣ አባቴ የባሰውን አሰበ። ከጅማ ወጣ ብሎ የቡ ወደምትኖረው አክስቴ ላከኝ። አክስቴ ነርስ ናት፤ ብቻዋን ነው የምትኖረው፤ ጧት ጤና ጣቢያ ሄዳ ማታ ትመለሳለች። ቤቷ ቡናው መሃል ነው። ያለ ጊዜው አንድ ዝናብ ጥሎ ስለነበር ቡናው ነጭ አበባውን አውጥቶ፣ ሽታው በመስኮት ገብቶ ራስ ያዞራል። እስከ ዛሬ ያ ሽታ ሲሸተኝ ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ይመጡብኛል። ጎረቤት የለ፣ መኪና የለ፣ ሰው የለ። ጥላ ዛፎቹ ላይ ጉሬዛዎች ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘሉ ከሚሰማው በቀር ምንም የለም። ማታ አክስቴ መጥታ «እስቲ ዛሬ ያጠናሽውን ንገሪኝ» ስትለኝ፣ ስለ ጉሬዛ ጅራት ብትጠይቀኝ ሁሉን መመለስ እችል ነበር። ስለ ልብ ግን ያው አራት ክፍሎቿ ላይ ነኝ።

ከየቡ ስመለስ አባቴ መናኸሪያ መጥቶ ቦርሳዬን ተቀበለኝ። «ተሳካ?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ፊቱ ሲበራ ሳይ ማልቀስ ፈለግሁ። ሌላ ምን ልበለው? እንኳን ጫጫታ ዝምታም አላስጠና እንዳለኝ ለማን ይነገራል?

የነገርኩት ለራቢያ ነው። ራቢያ ጎረቤቴም የክፍል ጓደኛዬም ናት፤ አባቷ ገበያው ውስጥ ጨርቅ ይሸጣሉ። ቤታቸው ልጅ በልጅ ነው፤ አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ይዘፍናል፣ እሷ ግን ከክፍላችን ከፊተኞቹ ተርታ ወጥታ አታውቅም። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስንመለስ «አንቺ የት ነው የምታጠኚው?» አልኳት። ጥያቄው አልገባትም። «ቤት ነዋ» አለችኝ። «በዚያ ሁሉ ጩኸት?» ስላት ሳቀች።

«ዝም ሲባል እኮ የምትሰሚው ሰውን ነው» አለችኝ። «ሁሉም ሲጮህ ግን የራስሽን ብቻ ነው የምትሰሚው። ኮቱ፣ ነይ ላሳይሽ» ስትል ኦሮምኛውን ቀላቀለችበት።

ይዛኝ ሄዳ ሸህ ነዚፍ የሚያስቀሩበት ጥላ ዳር አቆመችኝ። ከግንቡ ማዶ ሆኜ ዓመታት የሰማሁትን ነገር ያኔ ነው በዓይኔ ያየሁት። አንድ ላይ የሚጮሁ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እያንዳንዱ ልጅ የሚቀራው የየራሱን ነው። ትንሹ ገና ፊደል ይቆጥራል፣ ከጎኑ ያለችው ሎህ የሚሉትን ጣውላ ጭኗ ላይ አድርጋ ሌላ ቦታ ላይ ናት፣ ትልልቆቹ ደግሞ ሌላ። ሁሉም ወደ ፊት ወደ ኋላ ይወዛወዛሉ። ማንም ማንን አይሰማም፣ ማንም ማንን አይረብሽም። ሸህ ነዚፍ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። ከዚያ ሁሉ ድምፅ መሃል አንዱ ሲሳሳት ዓይናቸውን ሳይገልጡ ስሙን ጠርተው ያርሙታል። ቆሜ ሳይ ሳላስበው እኔም መወዛወዝ ጀምሬ ኖሯል፤ ራቢያ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝና ሳቀች።

በማግስቱ አባቴ ከቢሮ ሳይመለስ፣ እናቴን አስፈቅጄ የሳይንስ መጽሐፌን ይዤ ከግንቡ ሥር የለስላሳ ሳጥን ላይ ተቀመጥኩ። ከማዶ ድምፁ ሲነሳ እኔም አነሳሁ። መጀመሪያ አፈርኩ፤ ከዚያ ግን ድምፄ በእነሱ ድምፅ ውስጥ ገብቶ ጠፋ። «ደም ቅዳ ከልብ ያወጣል፣ ደም መልስ ወደ ልብ ይመልሳል» እያልኩ በእነሱ ዜማ፣ የመስመሩን መጨረሻ እንደነሱ እየሳብኩ፣ እየተወዛወዝኩ ሳነብ ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። ቀና ስል ምዕራፉ አልቋል። ደግሞም ገብቶኛል። የተሰማኝን ደስታ እንዴት ልንገራችሁ? ማንም አይጠብቀኝም፣ ማንም አያዳምጠኝም፤ ያለሁት እኔና መጽሐፉ ብቻ ነን።

እንዲህ ስል ሰነበትኩ። ማንም የሚያዳምጠኝ አይመስለኝም ነበር፤ ለካ ሁለት ሰዎች ያዳምጡኛል። አንደኛዋ እትዬ ብርቄ ናቸው። ከእሳቸው ደጃፍ ቃሉ አይለይም፣ ዜማው ግን ይለያል፤ መወዛወዜም ይታያል። አንድ ቀን አባቴን ከቢሮ ሲመለስ መንገድ ላይ ጠብቀው «አቶ ወርቁ፣ ልጅዎን ይያዙ። እርስዎ ቢሮ እየዋሉ እሷ ከግንቡ ሥር ቁርዓን ትቀራለች» አሉት።

አባቴ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ቤቱን ጥሶ ጓሮ ሲደርስ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የደም ዝውውር ላይ ነበርኩ። ጥላው ፊቴ ላይ ሲያርፍ ገለጥኩ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ምንድነው የምታደርጊው?» አለኝ። ወዲያው ከግንቡ በላይ የሸህ ነዚፍ ነጭ ኮፍያ ብቅ አለ።

«እንደምን ዋሉ አቶ ወርቁ» አሉ። «ጥሩ ጊዜ መጡ። ወላሂ፣ ስንት ዘመን ልጅ ሳስቀራ ጆሮዬ አምታቶኝ አያውቅም። ሰሞኑን ግን ከግንቡ ሥር አንዲት ልጅ አለች፤ የማላውቀውን ነው የምትቀራው። ላርማት እላለሁ፣ የቱን እንደተሳሳተች ይጠፋኛል። ቢቸግረኝ ራቢያን ጠየቅኋት። ስለ ደም ነው አለችኝ።»

አባቴ መጽሐፉን ከእጄ ወስዶ የተገለጠውን ገጽ አየ። የልብ ሥዕል ነው። ገጹን ገለጠ፣ መልሶ አየኝ። «ይሄን ታውቂዋለሽ?» አለኝ። አወጣሁለት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሌ፣ በዜማው፣ እየተወዛወዝኩ። ስጨርስ ሸህ ነዚፍ «ማሻአላህ» አሉ። አባቴ ሳጥኑ ላይ ቁጭ አለ። ቆይቶ ቆይቶ ሳቀ፤ ከስንት ወር በኋላ ሲስቅ ያን ዕለት ነው የሰማሁት።

«እኛም የቄስ ትምህርት ቤት ሳለን ዳዊት ስንደግም እንዲሁ ነበር» አላቸው ሸሁን። «ዛፍ ሥር፣ ሁላችንም የየራሳችንን። እንዴት ረሳሁት?»

«ዘመናዊ ትምህርት ያስረሳል» አሉ ሸህ ነዚፍ እየሳቁ።

አባቴ ግን ወዲያው ፊቱ ተመለሰ። «ፈተና ላይ አፍ ተዘግቶ ነው እኮ» አለ። እኔም ያን ያህል አላሰብኩበትም ነበር። ሸሁም «ኢንሻአላህ ታልፋለች» ብለው ወረዱ። ከዚያ ቀን በኋላ አባቴ ወደ ጓሮ ስሄድ አልከለከለኝም። ለእትዬ ብርቄም ምን እንዳላቸው አላውቅም፤ ብቻ ካጠገቤ ሲያልፉ «በርቺ» ማለት ጀመሩ። እኔ ግን የማጠናው ሁሉ በገባኝ ቁጥር ፍርሃቴ ጨመረ። የማውቀውን ሁሉ በጩኸት ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት። በጸጥታ ማን ያወጣልኛል?

የፈራሁት ደረሰ። የፈተናው ዕለት ሰኔ ነው፤ ጧት ዘንቦ ግቢው ጨቅይቷል፣ የሁላችንም ጫማ ጭቃ ጭቃ ይሸታል። ወረቀቱ ታደለ፣ በሩ ተዘጋ። ክፍሉ ጭር ሲል ያ የቤታችን ጸጥታ ተከትሎኝ የገባ መሰለኝ። የመጀመሪያውን ጥያቄ አነበብኩ፤ ደግሜ አነበብኩ። ጣሪያው ላይ የምትሄደው እርግብ ኮቴ ይሰማኛል። የፈታኙ ጫማ ይሰማኛል። የአባቴ ዱካ፣ እዚያ የሌለው፣ ይሰማኛል። በከንፈሬ ብቻ ለማለት ሞከርኩ። ፈታኙ መጥተው ዴስኬን በጣታቸው መቱና «አፍሽን ሰብስቢ» አሉኝ። እጄ መጻፍ አቃተው። አለቀልኝ ብዬ አሰብኩ። አባቴ ቢሮው ተቀምጦ ሰዓቱን ሲያይ ታየኝ።

መቀመጫው የተደለደለው በስም ተራ ስለነበር ራቢያ ከፊቴ ነበረች። አንገቷን አቀርቅራ ትጽፋለች። ስታስብ ጀርባዋ ትንሽ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል። ላላወቀ ሰው የማይታይ ነው። እሷም እያደረገችው መሆኗን የምታውቅ አይመስለኝም። እኔ ግን ያን ጀርባ ሳይ ድምፁ ሁሉ አንድ ላይ ጆሮዬ ውስጥ ተነሳ። ትንሹ ፊደል የሚቆጥረው፣ ባለ ሎህዋ፣ ትልልቆቹ፣ የሸህ ነዚፍ እርማት። አፌን ዘግቼ ከእሷ ጀርባ ጋር ወደ ፊት ወደ ኋላ አልኩ። ደም ቅዳ ከልብ ያወጣል። ከዚያ በኋላ ፈታኙም እርግቧም የት እንደሄዱ አላውቅም፤ ወረቀት አስረክቡ ሲባል ነው የነቃሁት።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል ውጤት መጣ። ወደ ቤት ስሮጥ አባቴ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ከቢሮ አስፈቅዶ መጥቷል። «አለፍኩ» አልኩት። አልሳቀም፣ አላቀፈኝም። «ራቢያስ?» አለኝ። «እሷም» አልኩት። «እሰይ» ብሎ ወደ ጓሮ ሄደ። ውሃ ቀድቶ ፊቱን ሲታጠብ፣ ደግሞ ሲታጠብ፣ አሁንም ሲታጠብ በመስኮት አየሁት።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ለረጅም ጊዜ ያን ዓመት ሳስበው ቅር ይለኝ ነበር፤ የሚወደኝን ሰው ፈርቼ ስለኖርኩበት። አሁን ግን እኔም የስምንተኛ ክፍል ልጅ እናት ሆኛለሁ። የምንኖረው ከጅማ ዳር በተሠራ አዲስ ሰፈር ነው፤ ሞተር የለም፣ ገበያ የለም፣ ጎረቤቶቻችንን በግንብና በብረት በር ነው የምናውቃቸው። ልጄ ቢኒያም ሐሳቡ ይበተናል ብለው ከትምህርት ቤቱ ሲጠሩኝ፣ ኢንተርኔት ላይ ያለውን ምክር አንድ በአንድ አነበብኩ። ስልኩን ወሰድኩበት። ክፍሉን አመቻቸሁለት። ማጥኛና ማረፊያ ሰዓት አወጣሁለት። ቴሌቪዥኑን ዘጋን። ባለቤቴና እኔ በነጠላ ጫማ ሳይሆን በካልሲ መሄድ ጀመርን፤ ማን እንዳስተማረኝ ሳላስብ።

ባለፈው ሰሞን አመሻሽ ላይ የክፍሉ በር ተከፈተና ብቅ አለ። ባለቤቴና እኔ ሳሎን ሶፋው ላይ፣ እሱ በዚያ ጫፍ እኔ በዚህ ጫፍ፣ ድምፁን ያጠፋነውን ስልካችንን እያየን ነበር።

«እማ፣ ምን ሆናችሁ ነው?» አለኝ።

«ምንም። እንዳንረብሽህ ብለን ነው የኔ ጌታ» አልኩት።

«ዝም ስትሉ እኮ እኔን የምትጠብቁኝ ነው የሚመስለኝ» አለ። «ማንበብ አልቻልኩም። እባካችሁ አውሩ።»

አባቴን አሰብኩ፤ ከበሩ ማዶ ሳሉን በኮቱ አንገት ሲያፍን። እንዴት ያለ ፍርሃት ነበር፣ እንዴትስ ያለ ፍቅር። ይህን ልጅም በዚያው ፍርሃት ውስጥ ዘግቼበት ነበር ማለት ነው።

«እሺ፣ እናወራለን» አልኩት። ክፍሉ ገብቶ በሩን ክፍት ተወው። ባለቤቴ ስልኩን ወንበሩ ላይ ደፍቶ አየኝ፣ እኔም አየሁት። እኔ ባደግሁበት ቤት ወሬ ተከልክሎ ነበር የቆመው፤ እዚህ ግን ማን እንደከለከለን እንጃ። አፌን ከፈትኩ፣ የምጀምረው ጠፋኝ። እሱም ጠፋው። ልጃችን ከውስጥ መጽሐፉን ሳይገልጥ ሲጠብቅ ይታወቀኛል።

«ዛሬ...» አለ ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «ዛሬ እንዴት ዋልሽ?»

ከተጋባን ስንት ዓመታችን ነው፤ እንዲህ ተፈራርተን አውርተን አናውቅም። እንዴት እንደዋልኩ ልነግረው ጀመርኩ፤ መጀመሪያ ለልጁ ብዬ፣ እየቆየ ግን ለራሴ። መቼ እንደሆነ ሳላውቅ ከውስጥ ገጽ ሲገለጥ ሰማሁ።